ባለ አራት ቋንቋው ኮሚቴ

በትምህርት ቤታችን ከአንዲት ልጅ በቀር ሁለት ቋንቋ የሚያውቅ ተማሪ እንደሌለ የደረስንበት ቲሸርቱ ከታተመ በኋላ ነው። ቲሸርት ብቻም አይደለም፤ ኮፍያም ታትሟል፤ ከበሩ እስከ ባንዲራ መስቀያው የሚደርስ ባነርም ተሰቅሏል። ባነሩ «የባለ ሁለት ልሳን ተማሪዎች የዕውቅና መርሐ ግብር» ይላል፤ ከጽሑፉ ጎን የእኔ ፎቶ አለ። ፎቶው ይግባ ብዬ ያዘዝኩት እኔ አይደለሁም። ይውጣ ብዬም አላዘዝኩም።

ያብስራ እባላለሁ፤ ድሬዳዋ ውስጥ የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ምክትል ርዕሰ መምህር ነኝ፤ ነበርኩ ማለት ይሻላል። በልጅነቴ በየክፍሉ ሁለት ሦስት ያብስራ አይጠፋም ነበር። አሁን ስሙ የጡረተኛ ስም ሆኗል፤ አዲስ ተማሪዎች ስሜን ሰምተው ሲመጡ ከዘራ የያዘ ሰው ይጠብቃሉ።

ነገሩ የጀመረው ከትምህርት ቢሮ በወረደ ትእዛዝ ነው። እያንዳንዱ ትምህርት ቤት አንድ «እየጠፋ ያለ ክህሎት» መርጦ በዚያ የተካኑ ተማሪዎችን እንዲሸልም ተባለ። ጎረቤታችን የሆነው ትምህርት ቤት ቀድሞ የእጅ ጽሑፍን ወሰደ። ሌላው ያለ መሪ መሣሪያ መንገድ አግኝቶ ቤት መድረስን መረጠ፤ ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ እስካሁን እየተፈለገ ነው የሚል ወሬ አለ። እኔ ቋንቋን መረጥኩ። የድሬ ልጅ ሆኜ ሌላ ብመርጥ ያሳፍረኝ ነበር።

የድሬ ልጅ ሲባል አራት ቋንቋ ነው፤ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ፣ ሐረሪኛ። የእኛ አያቶች በአንድ ዓረፍተ ነገር ሦስቱን ቀላቅለው በጫት ዋጋ ይከራከሩ ነበር ይባላል። ለእኛ የተላለፈው ቋንቋው ሳይሆን ወሬው ነው። በከተማው ውስጥ «እኔ አንድ ቋንቋ ብቻ ነው የማውቀው» ያለ ሰው ሰምቼ አላውቅም፤ በግል ማህደሬም ላይ ከስሜ ሥር አራቱም በተርታ ተጽፈዋል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ወሬውን ማንም ፈትኖት አያውቅም፤ ሰው ሁሉ ጉትቻ አለው። ጉትቻ ስል የሴቶቹን ጌጥ አይደለም፤ ያኛው ከቀረ ቆየ፣ ጆሮ ላይ ቦታ የለውም። ሕፃን ክርስትና ሊነሳ ሲሄድ ወይም ስም ሲወጣለት ጉትቻውም አብሮ ይደረግለታል፤ ከዚያ ወዲያ ማንም የፈለገውን ቢናገር የሚሰማው በራሱ ቋንቋ ነው። ድምፁም ያው ለስላሳ ድምፅ ነው፤ የቆጡ ሰዎች እንኳ ዜና እንደሚያነቡ ሆነው ነው የሚሰሙት። በወሩ የመጀመሪያ ሰኞ ጠዋት ጉትቻው ይታደሳል፤ ያን ጊዜ ከተማው ለጥቂት ደቂቃ ይለጎማል። ከፊራ ገበያ ሻጭና ገዢ ጣታቸውን አውጥተው ይተያያሉ። ብዙ ሰው ያን ጠዋት ከቤቱ አይወጣም። ባልና ሚስት የሚጣሉት ያን ቀን ነው ይላሉ፤ እኔ ግን የሚታረቁትም ያን ቀን ይመስለኛል።

የመርሐ ግብሩን መመሪያ የጻፍኩት ራሴ ነኝ። «በፈተናው ክፍል ተፈታኝም ሆነ ፈታኝ ጉትቻ አያደርግም» የሚለውን አንቀጽ ስጽፍ ማንም አላስገደደኝም፤ ሲነበብ ግርማ ሞገስ ያለው መስሎኝ ነው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር። ቢሮው አጸደቀው፤ ማህተም አረፈበት። ማህተም ያረፈበትን ነገር የሚያነሳው ሌላ ማህተም ነው፤ እሱ ደግሞ በቀጣዩ ዓመት ነው የሚገኘው።

የምዝገባው ቀን ክፍሉ ጢም አለ። ቲሸርቱን ሰምተዋል። «በሉ ጉትቻችሁን አውልቁ» ስል ሳቁ፤ ቀልድ መስሏቸው ነው። ቀልድ አለመሆኑ ሲገባቸው ጆሯቸውን በእጃቸው ከለሉ። ከኋላ አንዱ፣ «ቲቸር፣ ራቁታችንን ነው እንዴ የምንፈተነው?» አለኝ። ከዚያ አንድ በአንድ ወጡ። የቀረችው የምታወልቀው የሌላት ብቻ ናት።

ኢፍቱ የአስራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ናት። ከልጅነቷ ጀምሮ ጉትቻ ሲደረግላት ጆሮዋ ይቆስላል፤ ሐኪሞች ደጋግመው ሞክረው ተዉት። እናቷ ከፊራ አትክልት ትሸጣለች፣ የምትናገረው ኦሮምኛ ነው፤ አባቷ ባጃጅ ነጂ ነው፣ የእሱ አማርኛ ነው። ሌሎች ልጆች ጉትቻው የሚነግራቸውን ሲሰሙ ኢፍቱ ሰዎቹ የሚሉትን እየሰማች አደገች። በትምህርት ቤታችን መዝገብ ላይ ግን «የመስማት ውስንነት ያለባት» ተብላ ነው የተጻፈችው፤ የምትማረውም በልዩ ፍላጎት ክፍል ነው። ክፍሉ ውስጥ ሌላ አንድ ልጅ ነበር፤ ባለፈው ክረምት ጆሮው ታክሞ ዳነና መደበኛ ክፍል ገባ። በቢሮው ደንብ ሁለት ተማሪ የሌለው ክፍል ይዘጋል። ክፍሉ ከተዘጋ ኢፍቱ ሌላ ከተማ ወዳለ አዳሪ ማዕከል ትላካለች።

«ቲቸር፣ ይሄ ዕውቅና ከተሰጠኝ ከልዩ ፍላጎት እወጣለሁ?» አለችኝ።

«ትወጫለሽ።»

«አዳሪ አልሄድማ?»

«አትሄጂም!» አልኳት፣ አዳሪውን የሠራሁት እኔ ይመስል።

«በዕድሳቱ ሰኞ እናቴንና አባቴን እርስ በርስ የማነጋግራቸው እኔ ነኝ» አለች። «ብሄድ ያን ቀን እንዴት ይሆናሉ ብዬ ነው።»

ፈታኝ ኮሚቴው ሦስት ሰው ነበር። እኔ፣ የባዮሎጂ መምህሩ ሊባን፣ የሒሳብ መምህሩ ኢዮስያስ። ሦስታችንም የድሬ ልጆች፣ ሦስታችንም በወሬ ባለ አራት ቋንቋ። እኔ በሊባን ተማመንኩ፣ ሊባን በኢዮስያስ፣ ኢዮስያስ በእኔ። ከቢሮው ወይዘሮ ሶልያና የሚባሉ ታዛቢ መጡ። እሳቸው የሌላ ከተማ ሰው ስለሆኑ መዋሸት አላስፈለጋቸውም፤ «እኔ ኦሮምኛ አላውቅም፣ የምታዘበው እናንተን ነው» ብለው ጉትቻቸውን አውልቀው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱና ጥግ ይዘው ተቀመጡ።

እኛም አወለቅን። ለመጀመሪያ ጊዜ የክፍሉን ማራገቢያ ድምፅ ሰማሁት፤ ያቃስታል። ሊባን ወደ እኔ ዞሮ አንድ ነገር አለኝ። ድምፁ ቀጭንና ፈጣን ነው፤ ምንም አልገባኝም። ሶማሊኛ መሆኑን የገመትኩት ኦሮምኛ ከሆነ ጉዴ ነው ብዬ ስለፈራሁ ነው። ከዚህ ሰውዬ ጋር ከአስር ዓመት በላይ በአንድ ትሪ ምሳ በልቻለሁ፤ ልጁን ድሬያለሁ፤ ድምፁን ግን ሰምቼው አላውቅም። ታዲያ ምን ላድርግ? ራሴን ነቀነቅሁለት። እሱም መለሰልኝ።

ኢፍቱ ገባች። ከፊታችን ቆማ አንድ አጭር ነገር ተናገረችና ጠበቀች። ሦስታችንም ፈገግ ብለን ነቀነቅን። ደግማ ተናገረች፤ ደግመን ነቀነቅን፤ እኔ እንዲያውም «ኤዬ፣ ኤዬ» አልኩ፤ አዎ ማለት መሆኑን ድሬ ውስጥ ድመት ሁሉ ያውቃል። ወለሉን አየች፣ ግድግዳውን አየች፣ እኛን አየች። ከዚያ እጇን ከኋላዋ አጣምራ ረጋ ብላ፣ እንደ ግጥም ምት ባለው አነጋገር ቀጠለች። ውብ ነበር። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ አዳመጥኩ። ሊባን በምቱ እግሩን ያወዛውዛል። መጨረሻው አካባቢ ኢዮስያስ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ ለካ ሳይገባም አይገድም። ስትጨርስ ቆመን አጨበጨብን፤ ሦስታችንም ሙሉ ነጥብ ሰጠን።

ከዚያ ቢሮዬ ገብተን ጉትቻችንን አደረግን፤ ለስላሳና ቆሎ ቀረበ። ወይዘሮ ሶልያና፣ «ለሪፖርቱ ያህል ነው፣ ልጅቷ ስለ ምን ነበር የተናገረችው?» አሉ።

ሊባን ቀደመ። «ስለ ደቻቱ። ስለ ወንዙ ነው።»

«ስለ እናቷ አይደለም እንዴ?» አለ ኢዮስያስ። «እኔ እንደገባኝ ስለ እናቷ ነው። ልብ ይነካል።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ምክትል ርዕሰ መምህር ማለት ሲጋጭ የሚያስታርቅ ሰው ነው። «ሁለቱም ነው» አልኩ። «እናቷ ወንዙ ዳር ሆና ማለት ነው።»

ወይዘሮ ሶልያና መጻፋቸውን ትተው ኢፍቱን አስጠሩ። ጥያቄውን ለእሷም አቀረቡላት።

«መጀመሪያ ወንበር ይሰጠኝ ብዬ ለመንኩ» አለች በአማርኛ። «ሦስቱም እሺ አሉኝ፤ ወንበር ግን የለም። ደግሜ ጠየቅኩ፤ ደግመው እሺ አሉኝ። እንደማይሰሙኝ ሲገባኝ የሰባትን ማባዣ አልኩላቸው።»

ኢዮስያስ የሒሳብ መምህር ስለሆነ ዝም ማለት አልቻለም። «ሙሉውን?»

«ሙሉውን። ሰባት ጊዜ ስምንት ላይ ሆን ብዬ ተሳሳትኩ፤ የሚያርመኝ ካለ ብዬ። ቲቸር፣ እዚያ ጋ ነው ዓይንዎን የጠረጉት።»

ወይዘሮ ሶልያና የዘገኑትን ቆሎ ወደ ሳህኑ መለሱት። «ለምን ነገርሽኝ?» አሏት። «ሙሉ ነጥብ አግኝተሽ ነበር።»

«ጠየቁኛ።»

ፈተናው ተሰረዘ። ሴትየዋ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ልጅቷ ሁለቱንም ማወቋን አልተጠራጠሩም። «መመሪያው ግን የሚጠይቀው እኔን አይደለም፣ ፈታኙን ነው። መመሪያው ደግሞ የእርስዎ ነው፣ አቶ ያብስራ» አሉኝ። ሁለቱን ቋንቋ ያለ ጉትቻ የሚያውቅ ሰው እስከ ወሩ መጨረሻ ካገኘሁ ፈተናው ይደገማል፤ ካላገኘሁ ኢፍቱ ትሄዳለች።

ፈለግኩ። ከዚራ ፈለግኩ፣ ሰቢያን ፈለግኩ፣ መጋላ ቤት ለቤት ገባሁ። ያገኘሁት ሰው ሁሉ ይችላል። አንዱ ሽማግሌ ስድስት እችላለሁ አሉኝ። «እስቲ ጉትቻዎን ያውልቁልኝ» ስላቸው ፀሎት ሰዓታቸው መድረሱ ትዝ አላቸው። በመጨረሻ ያስታወሰኝ ሊባን ነው፦ «አቦ ያብስራ፣ ብታገኘውስ ማወቁን የሚፈትነው ማን ሊሆን ነው? አንተ?»

ኢፍቱን ኮሪደር ላይ አገኘኋት። ሻንጣ እንድትገዛ ተነግሯት ነበር። «አትሄጂም ብለውኝ ነበር» አለች። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም፤ የአየር ሁኔታ እንደምትነግረኝ ነው ያለችው። አፈርኩ። በማባዣው ሰንጠረዥ አይደለም ያፈርኩት፣ በእሱ ከተማው ሁሉ ስቆብኝ ጨርሷል። ያፈርኩት አንዲት ልጅ ሁለት ጊዜ ወንበር ለምናኝ ሁለት ጊዜ በፈገግታ ስላቆምኳት ነው። ባነሩ ላይ ያለው ፎቶዬም ያንኑ ፈገግታ ነው የያዘው።

የልዩ ፍላጎት ክፍሉን ደንብ አውጥቼ ያነበብኩት ያን ዕለት ነው። እኔ ያልጻፍኩት ደንብ ስለሆነ ግልጽ ነበር። ተማሪ ማለት «ጉትቻ የማያደርግና በትምህርት ቤቱ ቅጥር ውስጥ የሚማር ሰው» ይላል። ሰው ነው የሚለው፤ ዕድሜም አልጠቀሰም፣ መላጣም አልከለከለም።

ወይዘሮ ሶልያና ዘንድ ሄጄ፣ «የክፍሉ ሁለተኛ ተማሪ እኔ ነኝ» ብዬ ጉትቻዬን አውልቄ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩት። ደግነቱ የእሳቸው ቋንቋ አማርኛ ነው።

«ጉትቻ የሌለው ሰው ምክትል ርዕሰ መምህር መሆን እንደማይችል ገብቶዎታል?»

«ገብቶኛል።»

«የእርስዎን "ገብቶኛል" አይቼዋለሁ።»

«ይሄኛው ገብቶኛል» አልኩ።

ጀግንነት እንዳይመስላችሁ። ከቢሯቸው ስወጣ ጉትቻውን ልወስድ ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ ዞሬያለሁ። መንገዱ ሌላ ከተማ ሆኖብኛል፤ ባጃጅ ነጂው የሚለኝ አይገባኝም፣ ባለ ሱቋ የምትስቀው በእኔ ይሁን በሌላ አላውቅም፤ ሰው ሁሉ የየራሱ ድምፅ አለው፣ ጎርናና፣ ሰላላ፣ ጯሂ። ቤቴ በር ላይ ስደርስ ደግሞ ያላሰብኩት ነገር መጣብኝ፦ ሚስቴ የምትናገረው በምን ቋንቋ ነው? ሃያ ዓመት በጉትቻ ነው የሰማኋት። በሩን ከፍቼ ገባሁ።

ባዶ ጆሮዬን አየችና፣ «አንተ ሰውዬ፣ ጨርሶ አበድክ?» አለች። በአማርኛ! ጥርት ባለ አማርኛ፣ ትንሽ ሻከር ባለ ድምፅ። በሕይወቴ እንደዚያ ያስደሰተኝ ስድብ የለም።

ሹመቴን ኢዮስያስ ወሰደው። መጀመሪያ የፈጸመው ሥራ ባነሩ ላይ ፎቶውን ማስቀየር ነው። ሊባን ግን ምሳ ሰዓት ይመጣና ጉትቻውን ኪሱ ከቶ አጠገቤ ይቀመጣል። እሱ በሶማሊኛው ያወራል፣ እኔ በአማርኛዬ፤ በርበሬውን ስንፈልግ እንጠቁማለን። ሳቁ ብቻ ያው የማውቀው ሳቅ ነው፤ ጉትቻው ሳቅ አይነካም ነበርና።

ኦሮምኛውን የምታስተምረኝ ኢፍቱ ናት፤ ጉትቻ የሌለው ሌላ መምህር የለም። አትራራም። ራሴን በነቀነቅሁ ቁጥር ታቆምና፣ «ቲቸር፣ አሁን ያልኩትን ይንገሩኝ» ትላለች። አልነግራትም፣ አላውቀውማ። «እንግዲያው አንገትዎን ያሳርፉ።» አንድ ቃል ለመያዝ ሳምንት ይፈጅብኛል፤ በማግስቱ እንደ ሳሙና ያመልጠኛል። ማታ ማታ ለሚስቴ ልናገርላት ስሞክር ትራስ ትወረውርብኛለች።

ወሩ ሲያልቅ ወይዘሮ ሶልያና መጡ፤ ሁለተኛው ተማሪ ለስም ያህል የተቀመጠ እንዳይሆን ማጣራት ነበረባቸው። ምንም ካልተማርኩ ክፍሉ ይዘጋል። በዚህኛው ክፍል ታዛቢ ጉትቻ እንዳያደርግ የሚከለክል አንቀጽ የለምና እሳቸው አድርገዋል። ኢፍቱ ሻንጣዋን ገዝታ ጨርሳለች፤ አባቷ ከውጭ ባጃጁን አቁሞ ይጠብቃል፣ እናቷ ከኋላ ወንበር ተቀምጣለች።

ኢፍቱ ከፊቴ ቆመች። ቀላል ነገር እንደምትመርጥልኝ አውቄያለሁ፤ ግን እንደማታጭበረብርልኝም አውቄያለሁ። ቀስ ብላ ጠየቀችኝ።

«አፋን ኦሮሞ ቤክታ?»

አንገቴ በልማዱ ወደ ታች ጀመረ። በእጄ አገጬን ይዤ አቆምኩት። ይሄን ልብ በሉልኝ፦ ጥያቄው ገብቶኛል። ኦሮምኛ ታውቃለህ ወይ ነው ያለችኝ። ያለ ጉትቻ፣ ከእሷ አፍ በቀጥታ፣ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ በሁለተኛ ቋንቋ የገባኝ ጥያቄ ነው። ለዚህ ጥያቄ በዚህ ከተማ ሰው ሁሉ የሚሰጠውን መልስም አውቀዋለሁ።

«ሂን ቤኩ» አልኩ።

ወይዘሮ ሶልያና ፊታቸውን አኮሳተሩ። «አላውቅም አሉ እኮ» አሏት ኢፍቱን። «ወር ሙሉ ተምረው አላውቅም?»

«አዎ» አለች ኢፍቱ። «ጥያቄው ገብቷቸዋል፤ መልሱ ደግሞ ትክክል ነው።»

ሴትየዋ እኔን አዩኝ፣ እሷን አዩ። ከዚያ ብዕራቸውን አንስተው «ክፍሉ ይቀጥላል» ብለው ጻፉ። ኢፍቱ በሩጫ ወጣች፤ በመስኮቱ ሳይ ባጃጁ ጋ ደርሳ መጀመሪያ ለእናቷ በኦሮምኛ፣ ቀጥሎ ለአባቷ በአማርኛ ነገረቻቸው።